ለበሩ የተቀባ ዘይት

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፤ ቃል ከአፏ አልወጣም፣ ከእንቅልፍም ጋር ተጣልታለች። ሌሊቱን የመኝታ ቤቱን በር ስትከፍት ስትዘጋ ታድራለች። በሩ ሲጥጥ ባለ ቁጥር ጆሮዋን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትከፍተዋለች። አባቷ "ዘበኛችን" ይላታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝና መርፌው ጣቴን በሳኝ። አሠሪዬ "ከደገምሽው ቤትሽ ሄደሽ ተኚ" አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

እህቴ ሽታው እንቅልፍ ያመጣል የሚባለውን የላቬንደር ዘይት ገዝታ አመጣችልኝ። የልጄ ሐኪም "አንድ ጠብታ ጥጥ ላይ አድርገሽ ራቅ አድርጊው፤ ካልወደደችው ተይው" አለኝ። እኔ ግን ችኩል ነኝ፤ ትራሷ ላይ ሦስት ጠብታ አደረግሁበት። እያለቀሰች ትራሱን በመስኮት ወረወረችው። "እናትሽን ከሥራ ልታስባርሪያት ነው" ብዬ አብሬያት አለቀስኩ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አናጢው ባሌ ገባ። የበሩ ጩኸት አንገሽግሾታል። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ትንሿን ጠርሙስ አንስቶ የበሩን ማጠፊያዎች ቀባ። ሽታው ሲያውደኝ ዘልዬ ተነሣሁ።

"አንተ ሰው፣ ዓይን የለህም እንዴ? የልጅቷ የእንቅልፍ ዘይት እኮ ነው።"

"የመኪናሽ ዘይት መስሎኝ ነዋ። ደግሞ ዘይት ዘይት ነው፤ ይኸው በሩ ዝም አለ።"

ልሰድበው አፌን ስከፍት ልጄ መጣች። በሩን ገፋ አደረገችና እጆቿን ወደ ጆሮዋ አነሳች፤ ድምፅ ስላልመጣ እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። አፍንጫዋን ወደ ማጠፊያው አስጠጋች፣ ራቀች፣ ተመለሰች። ሽታው ሲበዛባት በሩን ትገፋዋለች፣ ሲናፍቃት ወደ ራሷ ትስበዋለች። ባሌ ሊያነሳት ሲል ክንዱን ያዝኩት።

የመስኮቱ ብርሃን ወይን ጠጅ ሆነ። በሩ ያለ ድምፅ ሲሄድ ሲመጣ ወለሉ ከእግሬ ሥር የሚንሳፈፍ መሰለኝ። ልጄ ዘገየች፣ ተቀመጠች፣ ደፉ ላይ ተጋደመች። ዘበኛችን ተኛች። ዘይቱ ይሁን የበሩ ዝምታ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁላችንም የመሰለንን ስንሰጣት ኖርን፤ ምን ያህል እንደሚበቃት ለራሷ የተወላት አልነበረም። አፈርኩ።

በሩ አይዘጋም፤ እሷ አለችበት። ባሌ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ወለሉ ላይ ተጋደምን። ልነካት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ቆይቶ ትንሿ እጅ በእንቅልፍ ልቧ መጥታ መርፌ የበሳውን ጣቴን ያዘችው።

ስነቃ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ጣቴን አልለቀቀችም።