ያልደረቀው ጨው

«ገና አልደረቀም» አለ ሕዝቅያስ ጨዉን በጣቱ ነካ አድርጎ። «ነገ እናሙቀው።»

ተከፋሁ። በመስኮቱ ፀሐይ ያሰጣሁት፣ በምድጃም ደግሜ ያደረቅሁት እኔ ነኝ። እርጥብ ጨው ሲሞቅ ውሃው ተመልሶ በጋለው መስታወት ላይ ይንጠባጠብና የሚሞቅበትን ቱቦ ይሰነጥቀዋል። ይህን የማላውቅ መሰለው አልኩ በልቤ።

«ደርቋል» አልኩት ቀና ብዬ ሳላየው።

«ደርቋል ካልሽማ እሺ» አለ ቀስ ብሎ።

ሁለታችንም በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ረዳቶች ነን። ለተማሪዎች ሙከራ የታዘዘው ካልሲየም አሲቴት የሚባለው ጨው ስላልመጣ ራሳችን ልንሠራው ተነሳን፤ የእንቁላል ቅርፊት በአቸቶ አሟሙተን። ቅርፊቱን ያጠራቀመችልኝ በግቢው በር አጠገብ ቁርስ ቤት ያላት ተዋበች ናት። «ሰው እንቁላሉን ይበላል፣ አንቺ ቅርፊቱን ትለቅሚያለሽ! ማን ሊያገባሽ ነው?» ብላ ስቃብኛለች።

ሕዝቅያስ ሚዛን ከተማ የመምህርነት ሥራ አግኝቶ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጧል። ማታ ማታ ከሥራ ስንወጣ እሱ ባህል አዳራሽ ወደሚባለው ሰፈሩ፣ እኔ ወደ ቱላ ሰፈር ነን። እስከ ከተማው ሐይቅ በእግር እንሂድ ልለው ስዘጋጅ ሁልጊዜ ባጃጅ ይመጣል።

እሳቱን ለኮሰ። ጨዉ ጠቆር አለ፤ እንፋሎቱ በቀጭኑ ቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወዳቆምነው ብልቃጥ ወረደ። አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ሌላ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ መጣ። ቱቦው አልተሰነጠቀም።

«አሴቶን!» አለ። «ለዚህች ጠብታ ስንት እንቁላል ፍርፍር ተበላ?»

ሳቅሁ። እሱ ግን ብዙ አልሳቀም። በቱቦው ውስጥ የቀረውን ዱቄት አሳየኝ። «ያው ቅርፊቱ የተሠራበት ካርቦኔት ነው። የሚሄደው ሄዶ መጀመሪያ የነበረው ቀረ።»

ያኔ ገባኝ። የሚዛን ትኬቱ ለነገ ጠዋት ነው። «ነገ እናሙቀው» ያለኝ ሰው ነገ እዚህ አይኖርም ነበር። እኔ ደግሞ ሥራዬን የነቀፈ መስሎኝ፣ ደርቋል ብዬ አፉን ዘጋሁት።

ባሰጣሁበት ወረቀት ላይ የጨዉ ግማሽ ቀርቷል። ከፎርሚክ አሲድ ጨው ጋር ተደባልቆ ሲሞቅ አሴቶን ብቻ ሳይሆን አልዴሃይድ የሚባል ሌላ ውህድም ይሰጣል፤ ያንን ሙከራ ብቻዬን እንድሠራው ትተነው ነበር።

«ይሄኛው ገና እርጥብ ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

ሕዝቅያስ ቆንጠር አድርጎ አሸው። እንደ ደቃቅ ዱቄት ከጣቶቹ መሃል በነነ።

«በጣም እርጥብ ነው» አለ።

«ነገ ይደርቅ ይሆን?»

«ነገ ይደርቃል።»

ትኬቱን ወደ ሐሙስ አዛወረ። በማግስቱ ሁለቱን ጨዎች ደባልቀን አሞቅናቸው፤ ማታ እስከ ሐይቁ በእግር ሄድን። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሚዛን ተሳፈረ።