ከውጭ የተቆለፈው በር

ዜና አንባቢዋ ሰንሰለቱ ሲታሰር በዓይኗ በብረቱ አይታለች።

የከተማው ምክር ቤት ሁለት ፓርቲዎች በአዲሱ የምርጫ ደንብ ላይ ከተፋጠጡ ሰንብተዋል። ድምፅ ሊሰጥ በተቀጠረበት ጠዋት፣ መሸነፉ አይቀሬ መሆኑ የገባው ወገን ጎረምሶች ልኮ የአዳራሹን በር አስቆለፈ። እሷ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። አንደኛው እጁን በሱሪው እየጠረገ ዞር ሲል አያት።

«የሬዲዮኗ ነሽ አይደል? ድምፅሽን እናውቀዋለን» አላት ፈገግ ብሎ።

ሐሞቷን ያፈሰሰው ያ ፈገግታ ነው። የምክር ቤቱ አባላት ከነአፈ ጉባኤያቸው አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ታላቅ እህቷም አብራቸው ነበረች። ደረጃውን እንዴት እንደወረደች እንኳ ሳታውቀው ሬዲዮ ጣቢያው ደረሰች።

ዋና አዘጋጁን ባልደረቦቹ ከኋላው «ሚዛን» ይሉታል። ቤቱ ቢቃጠል እሳቱን ሳያነጋግር ዜና አያወጣም እያሉ ይስቁበታል። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። የጻፈችውን ተቀብሎ ሰረዘና ከላዩ ላይ፣ «ሁለቱ ፓርቲዎች የአዳራሹን በር ቆልፋችኋል በሚል እርስ በርስ ተወነጃጀሉ» ብሎ ጻፈ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ!»

«የፓርቲው ሰዎች ደውለዋል። ውስጥ ያሉት ራሳቸው ናቸው የቆለፉት ብለዋል።»

«ቁልፉ በውጭ በኩል ነው! ውስጥ ያለ ሰው እጁን በየት አሹልኮ ይቆልፈዋል?»

«እሱን አድማጭ ይፍረድ። እኛ ዳኛ አይደለንም።» ይህን ሲል ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር፤ እባብ እንደሚያይ ሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጆች አሉኝ፣ እህቴ» አላት።

አነበበችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ አለመንቀጥቀጡ ራሱ አስፈራት። ከስቱዲዮ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

«ሰማንሽ። እኛ ነን እንዴ የቆለፍነው?»

«እትዬ... ፖሊስ አልመጣም?»

«መጥቷል። በመስኮት ጮኸን ነገርነው። አዛዡ ግን፣ ሁለታችሁም ትካሰሳላችሁ፣ ሬዲዮውም ያለው ይህንኑ ነው፣ በር ሰብሬ ለአንዱ ወገን አደላ አልባልም ብሎ ቆሟል።» ሳል አቋረጣት። «ታች ጎረምሶቹ ጎማ እያቃጠሉ ነው። ጭሱ ገብቶብናል። አፈ ጉባኤው ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ሽማግሌ እኮ ናቸው...»

መስመሩ ተቋረጠ።

ተመልሳ ስቱዲዮ ገባች። ሙዚቃ እየተላለፈ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ ላለው የድምፅ ባለሙያ፣ «ማይክራፎኑን ክፈትልኝ» አለችው። የአለቃውን በር አየ፤ እሷን አየ፤ ከፈተላት።

«ቅድም ያነበብኩት ዜና ትክክል አይደለም» አለች። «በሩ የተቆለፈው ከውጭ ነው። የቆለፉትን አይቻቸዋለሁ።» የላካቸውን ፓርቲ ስም ጠራች። «ውስጥ ያሉ ሰዎች በጭስ እየታፈኑ ነው። እባካችሁ ድረሱላቸው።»

ሚዛን በሩን በርግዶ ገባ። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቆመ እንጂ አቋርጡ አላለም።

በምክር ቤቱ አካባቢ ያሉ ባለሱቆች ዜናውን ሰምተው ግልብጥ ብለው ወጡና አዛዡን ከበቡት። ሰበብ ሲያጣ ሰንሰለቱን አስቆረጠ። እህቷ ፊቷ ጥላሸት መስሎ፣ በእግሯ ወጣች። አፈ ጉባኤው ግን በቃሬዛ ወጥተው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ እህትማማቾች ከሐኪም ቤት በታክሲ ሲመለሱ ሬዲዮኑ ተከፍቶ ነበር። የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፤ «አፈ ጉባኤው በድንገተኛ ሕመም አረፉ። ሁለቱም ፓርቲዎች ሐዘናቸውን ገልጸዋል» ይላል።

«እግዜር ያሳያችሁ» አለ ሹፌሩ ለራሱ። ከዚያም በፊት ለፊቱ መስታወት ዜና አንባቢዋን አተኩሮ ተመለከታት። «ድምፅሽ አዲስ አልሆነብኝም። አውቅሽ ይሆን?»

እህትየዋ ክንዷን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ከሰው ጋር ተምታታብህ እንጂ አታውቃትም» አለችው። «እዚሁ አውርደን።»

ቤታቸው ገና ሩቅ ነበር። ወርደው ታክሲው ከዓይናቸው እስኪሰወር ጠበቁና ወደ አክስታቸው ቤት በሚወስደው ጠባብ መንገድ ታጠፉ።