የተሰረቁት ደወሎች

ቫርዲስ ተስፋ ቆርጦ ከተወው በኋላ፣ በሃምሳ ዓመቱ ወንድ ልጅ አገኘ። ሚስቱ አርጊሮ በሰላም ብትገላገል ፕሲሎሪቲስ ተራራ ጫፍ ላይ ካለችው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ሊያበራ ተስሎ ነበርና፣ በመስቀል በዓል ወጥቶ ስእለቱን አደረሰ።

ሕዝቡ ሲወርድ እሱ «ትንሽ ላመስግን» ብሎ ቀረ። ምስጋናው ረዘመ። ሲወጣ ቀርጤስን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳየው ተራራ በጭጋግ ተውጦ የገዛ እጁን እንኳ አላሳየው አለ።

«እረኛ አይደለሁም እንዴ?» ብሎ ቁልቁል ተያያዘው። ብዙም ሳይሄድ የረገጠው ድንጋይ ከሥሩ አመለጠ፤ ወድቆ ሲያርፍ ግን አልተሰማም። ገደል አፋፍ ላይ ነው። ቫርዲስ ባለበት ቁጢጥ አለ። ብርዱ አጥንቱ ገባ። «በቅጡ እንኳ አላቀፍኩት!» አለ ስለ ልጁ፤ እንባውም መጣ።

ያኔ የበግ ደወል ሰማ። የቀርጤስ እረኛ ደወሎቹን በጆሮው መርጦ፣ አንዱን ከአንዱ አስማምቶ ነው የሚያስረው። ይህን ዜማ ያስማማው ደግሞ የቫርዲስ አባት ነበር። ደወሎቹ ከነበጎቹ ከተሰረቁ ዓመታት አልፈዋል።

እየተሳደበም እያመሰገነም፣ ድምፁን ተከትሎ በእንብርክኩ ወረደ። የደረሰው ከስትራቲስ ጎጆ ደጃፍ ነው። ስትራቲስ የወዲያኛው መንደር እረኛ ነው፤ የሁለቱ መንደር እረኞች በግ ይሰራረቃሉ እንጂ ሰላም አይባባሉም።

«ሰው በግ ሲሰርቅ ደወሉን ገደል ይጥላል!» አለ ቫርዲስ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ምን ዓይነት ጅል ሌባ ነህ?»

«ልጥለው ነበር» አለ ስትራቲስ አንገቱን ደፍቶ። «ዜማው አሳዘነኝ። አባትህ ጆሮ ነበረው፣ ነፍሱን ይማረው።»

ካባውን ደረበለት፤ ከአይቡ ድስት ትኩስ አጓት ቀዳለት። ቫርዲስ ዕድሜ ልኩን እንደዚያ የጣፈጠው ነገር የለም።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ስትራቲስ ደወሎቹን ከበጎቹ አንገት ይፈታ ጀመር።

«ተው፣ እዚያው ይሁኑ» አለው ቫርዲስ። «እነሱ ባይኖሩ ልጄ ዛሬ አባት አልነበረውም። ይልቅ ልጄን ክርስትና አንሣልኝ።»

የስትራቲስ እጅ ደወሉ ላይ ቀረ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«አበልጅ ከሆንን እኮ» አለ፣ «ከእንግዲህ በጎችህን መስረቅ አልችልም።»

«አይ ወንድሜ፣ የተጎዳሁትስ እኔ ነኝ» አለ ቫርዲስ። «ያንተ በጎች ከኔ ይበዛሉ።»