ዳይሬክተሩ ሥራ ገባ

«የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣» አለ የሟቹ ጎረቤት አብዲራሺድ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ፣ «ዳይሬክተሩ ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ሥራ መግባቱን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በሻይ ብርጭቋቸው ሸፈኑት። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ አህያ ነው። ሟቹ ፋራህ ጋሪ ሲነዳበት የኖረ አህያ። ስሙን ያወጣለትም ራሱ ፋራህ ነበር፤ «ካልገፉት አይሠራም፣ ከገፉት ይቆጣል» ብሎ።

የፋራህ ልጅ ሚክዳድ ከምንጣፉ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለችው አክስቱ በድሪያ። «ሰው አላህ ሶብሩን ይስጥህ ሊልህ ሲመጣ፣ አህያ ተከትሎ ሄደ ልበለው?»

«አንገቱ ላይ ዕቃዬ አለ፣ ኤዶ።»

አልዋሸም። ሚክዳድ ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያጠናው የእንስሳት ባህርይ ነው፤ አህያ መንገድን እንዴት እንደሚያስታውስ። ስምንት ወር ሙሉ በዳይሬክተሩ አንገት ላይ ጂፒኤስ አንጠልጥሎ፣ ከቤት እስከ ቀፊራ ገበያ ያለውን መንገድ መዝግቧል። አህያው በየቀኑ ለገሃሬ ሰፈር ውስጥ ከአንድ አጥር ሥር ሃያ ደቂቃ ይቆማል።

«አባ፣ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

«እኔ ምን አውቄ? ዳይሬክተሩን ጠይቀው።»

ሚክዳድም «እንስሳው ጥላ መርጦ ያርፋል» የሚል ምዕራፍ ጻፈ። አማካሪው ዶክተር ኑርሀን በቀይ ከበበችበት፦ መራጩ አህያው ነው ወይስ ነጂው? ያለ ነጂ የተደረገ አንድ ሙከራ ከሌለ መመረቅ የለም። ሚክዳድ አባቱን ለመነ። አንድ ቀን ብቻ፣ ብቻውን ይሂድ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ብቻውን አይሄድም» አለ ፋራህ። ቃሉን ጠበቀ።

ዛሬ ግን፣ ሚክዳድ ከኋላ እየተከተለው፣ ዳይሬክተሩ ብቻውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋረጠ። ባጃጆቹን እንደ በታች ሠራተኛ እያየ ለገሃሬ ደረሰና ከአጥሩ ሥር ቆመ። የሚክዳድ ልብ በደስታ ዘለለ፤ ሙከራው ተሳካ። ወዲያው አባቱን የቀበረው ትናንት መሆኑ ትዝ አለውና አፈረ።

የአጥሩ በር ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ፣ ወረቀት በብብታቸው ይዘው ወጡ።

«ትናንት ደግሞ የት ጠፋህ አንተ ፋራህ…» ብለው ቀና ሲሉ አህያውንና ልጁን ብቻ አዩ።

«ሞተ፣ አባባ። ከትናንት ወዲያ ማታ። ልቡ ነው።»

ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ። ይሳቅ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ወረቀቱን ዘረጉለት። የራሱ የሚክዳድ ረቂቅ ጽሑፍ ነበር፤ ፎቶ ኮፒው ላይ የገለባ አቧራ ተጣብቆበታል።

«ድሮም በየቀኑ ለወሬ እዚህ ይቆም ነበር፤ ኋላ ልጄ ስለ አህያዬ ምን ጻፈ ብሎ ይሄን ይዞ መጣ። ማንበብ አይችልም፤ እንግሊዝኛውን እኔ እተረጉምለት ነበር። በቀን አንድ ገጽ። ሠላሳ አንድ ላይ ደርሰናል።»

«ታዲያ ጥላ መርጦ ያርፋል ያልኩትን…»

«እዚያ ስንደርስማ ሳቁ ገደለው። ለልጅህ እውነቱን ንገረው ስለው፣ ‹ተው፣ ልጁ ደክሞበታል› አለኝ።» ይሳቅ ዙሪያቸውን አዩ። «ለመሆኑ ጥላ የታለ?»

ሚክዳድ ቀና አለ። ጥላ የለም። ፀሐይዋ አጥሩን ፊት ለፊት ትጠብሰዋለች። ቦታውን በስልኩ ካርታ ላይ እንጂ በእግሩ መጥቶ አይቶት አያውቅም።

«ሠላሳ ሁለትን ላንብብ?» አሉ ይሳቅ።

«ያንብቡ።»

አነበቡ። ዳይሬክተሩ ጆሮውን አዘንብሎ እስከ መጨረሻው ቆመ፤ ከዚያ ወደ ቀፊራ ሄደ።

ሚክዳድ ድንኳኑ ሲመለስ «የተማረ ሰው ሐዘኑ እንዲህ ነው እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ተቀበለው። ጥግ ይዞ ተቀመጠና ስልኩ ላይ ሰንጠረዡን ከፈተ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ነጂ። በመጨረሻው ሳጥን «የለም» ብሎ ቢሞላ ተመራቂ ነው። ግን አህያውን ዛሬም ከአጥሩ ሥር ያቆመው ማን ነው?

«አለ» ብሎ ሞልቶ ለዶክተር ኑርሀን ላከው።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ዶክተር ኑርሀን ደወለች።

«አላህ ይዘንለት። ዛሬ ስለ ሥራ ባላነሣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ነጂ አለ የሚለው… ተሳስተህ ነው?»

«አልተሳሳትኩም።»

«ሚክዳድ፣ የጎደለን ሙከራ እኮ ይሄ ነው። እንደዚህ ከሆነ ልቀበልህ አልችልም፤ ሌላ ዓመት ነው የሚወስድብህ።»

«አውቃለሁ።»

«እሺ፣ ቢያንስ ምክንያቱን አስረዳኝ።»

ከድንኳኑ ውጭ ዳይሬክተሩ ከቀፊራ ተመልሶ፣ ከባዶው ጋሪ አጠገብ ቆሟል።

«አላስረዳም፣ ዶክተር።»