ኮላ የያዘው ቤት

ስሜ ሙንተሲር ነው፤ ቆቦ ላይ የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ። ከዋጃ እስከ ሮቢት በመንገዱ ዳር ካሉት በሮች ብዙዎቹ የእጄ ሥራ ናቸው፤ አንዱም ተላቅቆ አያውቅም። ለጉራ ብዬ አይደለም የምናገረው። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። በእኔ ሙያ የሚላቀቅ ነገር ነውር ነው፤ ደንበኛ በሩ ተነቀለብኝ ብሎ ከመጣ የዚያን ቀን ምሳ አይበላልኝም።

እህቴ ሳሊሀ ከጅዳ ለልጄ ለራዊያ የላከችው መጫወቻ ታዲያ ከመጀመሪያው አልጣመኝም። ካርቶኑ ውስጥ መቶ ሃያ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ፣ አንዲት ትንሽ ሞተር፣ አምፖል፣ ባትሪና የሚናገር ሳጥን ነበር። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ቤትም መኪናም ይሆናሉ። በትክክል ከተገጠሙ አምፖሉ ይበራል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ሳጥኑ በእንግሊዝኛ ያመሰግናል። ከተሳሳቱ እናቱ እንደራቀችበት ጥጃ ይጮኻል። ልጄን ማረም የፕላስቲክ ሥራ ከሆነ እኔ ምን ልሠራ ነው ብዬ አጉረመረምኩ። ባለቤቴ ኡሙልኸይር ግን ሳጥኑ ሲያርም እንደ አንተ አይቆጣም፣ ከእሱ ብትማር ምን አለበት አለችኝ።

ራዊያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሳሊሀ አገር ለቃ ስትሄድ ገና ሁለት ዓመቷ ስለነበር አክስቷን የምታውቃት በስልክ ብቻ ነው። ሳሊሀ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ነፃ የምትሆነው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስለሆነ በቪዲዮ የምትደውለውም ያኔ ነው። ድሮ ልጅቱ ደህና ነኝ ብላ ስልኩን ወርውራ ትሮጥ ነበር። መጫወቻው ከመጣ ወዲህ ግን ቃል ተጋቡ፤ በየዓርቡ ራዊያ ከዚህ በፊት ያልታየ አዲስ ነገር ሠርታ ልታሳያት። ስድስት ዓርብ አላዛነፈችም። አንዴ ባጃጅ፣ አንዴ ወፍጮ፣ አንዴ ደግሞ ማሽላ የሚጠብቅ፣ በሞተር እየዞረ ወፍ የሚያባርር ማማ ሠራች። ያኔማ ሁለቱ ስልኩን አንድ ሰዓት አልለቀቁትም። ሳሊሀ ስትስቅ ስሰማ፣ ያ የምትሠራበት ቤት ለአንድ ሰዓት የራሷ የሆነ ይመስለኝ ነበር።

ስትሠራ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ከሥራ ቶሎ መውጣት የጀመርኩት ለዚያ ነው። ስታፈርስ ማየት ግን አልችልም። ስልኩ እንደተዘጋ ሁሉንም ነቃቅላ ካርቶን ውስጥ ትከተዋለች። ለምን ብላት ካላፈረስኩት አዲሱን በምን ልሥራው ትለኛለች። ልክ ናት፤ ሆዴ ግን አይቀበለውም። በጦርነቱ ጊዜ ሁለቴ ቤታችንን ጥለን ወጥተናል። ለሁለተኛ ጊዜ ስመለስ ሥራ ቤቴ ጣራ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የቆመ ነገር ሲፈርስ፣ ፕላስቲክም ቢሆን፣ ያስጨንቀኛል።

ያን ሳምንት ረቡዕ ራዊያ ቤት ሠራች። መቶ ሃያውንም ቁርጥራጭ የጨረሰ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ ሲገቡ በስተግራ መስኮት ያለው፣ በሩ ሲከፈት መብራቱ የሚበራ የራሳችን ቤት። አሳምራ ስታበቃ፣ ይሄ ሙከራ ነው፣ ለዓርብ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣ ፓምፕ ነው የምሠራው አለች። ልጅ የሚያምረውን የት ታውቃለች ብዬ በልቤ ናቅኳት።

ሐሙስ እሷ ትምህርት ቤት እያለች ለምሳ ስመጣ ባለ ሁለት ቱቦውን ኮላ ከሥራ ቤት ይዤ መጣሁ። ብረት ከመስታወት የሚያጣብቅ ኮላ ነው፤ እሱ የያዘውን ሰው አያላቅቀውም። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቀባሁ፣ እፍ እያልኩ አደረቅኩ። እህቴ የማይፈርስ ቤት እንድታይ ብዬ ነው። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር።

ራዊያ መጣች፣ ቦርሳዋን ጣለችና ጣራውን ሳበች። ደግማ ሳበች። ግድግዳውን ሞከረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አጠበቅኩልሽ» አልኳት፣ ኮራ ብዬ። «ከእንግዲህ አይፈርስም።»

ብታለቅስ ኖሮ የማደርገውን አውቅ ነበር። አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«እና አባየ፣ ለነገ ምን ልሥራ?»

እኔ ሳጠፋ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ቁጣ ነው። ምሳዬን ትቼ የደከምኩት ለማን ነው፣ ምስጋና የለም ወይ ብዬ ጮኽኩ። ኡሙልኸይር ከጓዳ ወጥታ ቤቱንም ቱቦዎቹንም አየች። «አንተ ሰውየ፣ ይሄ እኮ በር አይደለም» አለችና ተመለሰች። ቤቱን ይዤ ወደ ሥራ ቤት ሄድኩና በብረት መጋዝ ልለያየው ሞከርኩ። ሞተሩን፣ አምፖሉንና ሳጥኑን በደህና አወጣኋቸው። ከመቶ ሃያው ቁርጥራጭ ግን ሳይሰበር የተላቀቀው አስራ አንድ ብቻ ነው። የቀረውን፣ አንድ ጎኑ የተገመሰ ቤት፣ መልሼ አመጣሁላት።

ዓርብ ስልኩ ሲጮኽ ኮፍያዬን አንስቼ ልወጣ ስል ራዊያ ልብሴን ያዘችኝ። ቤቱን ከስልኩ ፊት አስቀመጠች። ሳሊሀ ትጠብቃለች። አሁን ልትከሰኝ ነው፣ ሐቋም ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አክስቴ፣ በዚህ ሳምንት ተራው የአባየ ነው» አለች። «እሱ ነው የሠራው።»

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሸፈነችኝ። ሳሊሀን እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ፊቴን አይታ አንድ ነገር እንዳለ አወቀች። ስለዚህ ሁሉንም ራሴ ነገርኳት፣ ኮላውንም መጋዙንም። ሻሿ እስኪወርድ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ራዊያን ለሚመጣው ዓርብ ምን አሰብሽ አለቻት። ራዊያ አስራ አንዷን ቁርጥራጭ አየችና ቀስ ብላ «እንጃ» አለች። ያን ዕለት ስልኩ አስር ደቂቃ አልሞላም።

ቅዳሜ አንድ የሮቢት ደንበኛ ያዘዘኝን መስኮት ቢጠብቅም አስጠበቅኩት። ትርፍ ላሜራ በጣት ልክ ቆራረጥኩ፣ ጫፍና ጫፉን በሳሁ፣ እጇን እንዳይቆርጣት ጠርዙን በሞረድ አለዘብኩ። ትንንሽ ብሎኖች ገዛሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲፈታ ብዬ የሠራሁት ነገር አልነበረም፤ ቀዳዳውን በበሳሁ ቁጥር ራሴን ስህተት የማስተምር መሰለኝ። ቤት ገብቼ ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩላት። ወደ ሥራ ልመለስ ስል አጠገቧ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገች። ተቀመጥኩ።

እስከ አስር ሰዓት ድረስ ሠራን። እሷ ታዛለች፣ እኔ አጠብቃለሁ፤ አታክርረው እያለች ትቆጣኛለች። ሽቦውን ራሷ አገናኘች። አምፖሉ በራ፣ ሳጥኑ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ምን አለ ስላት «ጎበዝ» አለህ አለችኝ። ቤት ነበር የሠራነው፤ ከፕላስቲኩ ይበልጣል። ኡሙልኸይርን ጠርቼ ላሳያት ስል ራዊያ የብሎን መፍቻውን እጄ ላይ አስቀመጠች።

«አሁን አንተ ፍታው» አለች። «ዓርብ ፓምፕ አለብን።»

ትንሽ ይቆይ አልኳት። ዓርብ ሩቅ ነው አልኳት። በጦርነቱ ቤታችንን ጥለን ስንወጣ ራዊያ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አታስታውስም እላለሁ ሁልጊዜ። አየችኝ፣ አየችኝና ትንሿን እጇን መፍቻውን በያዘው እጄ ላይ ጫነች።

«አብሽር አባየ፣ አይዞህ» አለችኝ። «እንዴት እንደሚሠራ እኮ እናውቃለን።»

የጣራውን ብሎን ፈታሁ።