ሳትጠየቅ የጠቆረባት መስታወት

አዋላጇ መኪናዋን የገዛችው ለፍታ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች ቀይ የስፖርት መኪና ናት። የሰፈሩ ሰው «ፌንጣ» ይላታል። ታላቅ ወንድሟ ግን «የጎረምሳ መጫወቻ» እያለ ሲያጥላላት ነው የኖረው።

አንድ ጠዋት ከፊቷ ይሄድ ከነበረ የጭነት መኪና ጠጠር ተፈናጥሮ የፊት መስታወቷን መታው። ስንጥቁ ውሎ አድሮ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋና መቀየሩ ግድ ሆነ።

መስታወት ቤቱ ውስጥ ለፌንጣ ልክ የሚሆኑ ሁለት መስታወቶች ነበሩ። መስታወት ገጣሚው አዲሱን አነሳላት።

«እስቲ ወደ በሩ ያዙልኝ» አለችው። በመስታወቱ ውስጥ ማዶ ያለውን የመብራት ምሰሶ እያየች ራሷን ወዲህና ወዲያ አደረገች። «ይሄማ ምሰሶውን አጎበጠው፤ ወገቡን አሳመመው!»

ሁለተኛው ከሌላ መኪና ላይ የተፈታ ነው። ጥጉ ላይ ትንሽ ጭረት አለችበት፤ ምሰሶውን ግን ቀጥ አድርጎ ያሳያል። ቢሰበር እንኳ ፊት ላይ የማይረግፍ ድርብ መስታወት መሆኑን ጠይቃ አረጋገጠች። «ይሄን ነው የምፈልገው» አለችና ቁልፉን ትታ ወደ ሥራ ሄደች። ተረኛ ስለነበረች መኪናዋን ወንድሟ እንዲያመጣላት ለመነችው።

ወንድሟም አመጣላት። ከሆስፒታሉ በር አቁሞ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ። እሷ ስትወጣ መሽቶ ነበር፤ ያካፋል። ገና መንዳት ስትጀምር መንገዱ ጭል ጭል አለባት። ስታዋልድ ስለዋለች ዓይኗ የደከመ መሰላት። ቀስ ብላ ስትነዳ ድንገት ከፊቷ ጥላ የሚመስል ነገር ተንቀሳቀሰ። ፍሬን ያዘች። ቅርጫት የተሸከመች ሴትዮ ነበረች፤ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

«ዓይን የለሽም?» ብላ ሴትዮዋ መኪናውን በመዳፏ መታችው።

አዋላጇ ወርዳ ይቅርታ ጠየቀች። ያኔ ነው በመንገዱ መብራት መስታወቱን ከውጭ ያየችው። እንደ ፀሐይ መነጽር ጠቁሯል፤ የራሷ ወንበር እንኳ በውስጡ አይታይም።

በነጋታው መስታወት ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እኔ የመረጥኩት የት ሄደ?»

«እህቴ፣ ወንድምሽ እኮ ነው አዲሱ ላይ ጥቁር ላስቲክ ለጥፈህ ግጠም ያለው። እኔ ደግሞ የቤተሰብ ነገር ብዬ...»

«መኪናው የማን ነው?»

«ያንቺ ነው፤ ግን ወንድ ልጅ ቆሞ ሲያዝ...»

«ትናንት ሰው ልገድል ነበር! ብገድል የምታሰረው እኔ ነኝ ወይስ ቆሞ ያዘዘው ወንድ?» አንቱታውን ረሳችው። «የመረጥኩትን አምጣ!»

«እሱማ ሳይሸጥ ይቀራል?» አለ ዓይኗን እየሸሸ። ጥግ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ ስትገልጠው ግን መስታወቱ ከነጭረቱ እዚያው ተደግፎ ቆሟል። ገጣሚው አንገቱን ደፍቶ መሣሪያውን አነሳ። መስታወቱን ያጣበቀውን ማስቲሽ በሽቦ እየቆረጠ ጥቁሩን ሲያወጣና በቦታው የመረጠችውን ሲያስገባ ወንበር ላይ ተቀመጪ ብትባልም እንቢ ብላ እስከ መጨረሻው ከአጠገቡ ቆመች።

ከዚያ ወንድሟ ቤት ሄደች።

«ለክብርሽ ብዬ ነው» አላት። «እዚያች ውስጥ ተዘርግተሽ ስትሄጂ ሰው ያይሻል። ስለኛ ምን ይላል?»

«እኔን እንዳያዩኝ ብለህ እኔን አሳወርከኝ ጋሼ! ክብሬ ሰው መግደል ነው?»

«አጋነንሽው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። እሑድ እናታቸው ቤት ለምሳ ሲሰበሰቡ ግን ወንድሟ ለአክስቶቹ፣ «መስታወት ቤቱ ተሳስቶባት ሰው ልትገጭ ነበር!» እያለ ሲያወራ ሰማችው። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ማንም አልተሳሳተም ጋሼ። አንተ ነህ ያስቀየርከው። ንገራቸው።»

ወንድሟ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። አንዷ አክስት፣ «ተይው እንግዲህ፣ ታላቅሽ ነው» አለቻት።

«ታላቄ ስለሆነ ነው ያመንኩት!» ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። የጎኑ በር ተከፈተ። እናቷ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ ገቡ። እዚህች መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም።

«አወይ! ጉድጓድ ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ» አሉ። ቀና ብለው በመስታወቱ መንገዱን አዩ። «ምሳውን ሳልጨርስ ነው የመጣሁት። ንጂው።»

«ወዴት እማዬ?»

«ዝም ብለሽ ንጂው። እሱ ሳህኑን ያነሳሳ።»