የታጠበችው ድንጋይ

የአሲሚና እናት በነጋታው የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ነበር። ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ልጇን ያዘዘቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጥጥ የድንጋይዋን ዘይት አስነክታ እንድታመጣላት።

ድንጋይዋ የታመመ ልጅ ያቀፈች ሴት የተቀረጸባት ጥንታዊ እብነ በረድ ናት። የመንደሩ ሰው ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ አንስቶ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከተከላት ጀምሮ ፊት ለፊቷ ቀንዲል ሲያበራ፣ ከቀንዲሉ እየተቀባ ፊቷን የሸፈነውን ዘይት በጥጥ እየጠረገ ለበሽተኛ ሲወስድ ኖሯል። የጥንቱን ከተማ ሊቆፍሩ የመጡ ተመራማሪዎች ቤተ ክርስቲያኑን አፍርሰው ወደ ሙዚየም ሲወስዷት ሕዝቡ ዝም ያለው፣ «ስትፈልጉ ታገኟታላችሁ» ስለተባለ ነበር።

አሲሚና በጠዋቱ አውቶቡስ ብቻዋን ወደ ፍርስራሹ መጣች። ቤተ ክርስቲያኑ በነበረበት ቦታ፣ በተጋደሙት ዓምዶች መሃል ቆማ ልታማትብ ስትል፣ አንድ ወጣት አስጎብኚ አላዋቂ ገበሬዎች ያን የመሰለ ቅርጽ በጥላሸት እንዳበላሹት ለቱሪስቶቹ ሲናገር ሰማች። ቱሪስቶቹ ሳቁ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ቁልቁል ወደ ሙዚየሙ ወረደች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የሚያቃጥላት ግን ፀሐዩ አልነበረም።

ገብታ ስታያት መጀመሪያ አላወቀቻትም። ጥላሸቱን አጥበው፣ ዘይቱን ፍቀው፣ ነጭ ጥርስ አስመስለዋታል። ጥጡን ከቦርሳዋ ስታወጣ፣ ደረቱ ላይ ስታማቲስ የሚል ስም የለጠፈ ሽማግሌ ጥበቃ እያነከሰ መጣ።

«እህቴ፣ በእጅ አይነካም።»

«እናቴ ስትነካት ነው የኖረችው።»

«እንኳን እናትሽ፣ ሚኒስትሩም ቢመጣ አይነካም።»

ሁሉንም ነገረችው፤ ሕመሙን፣ ጥጡን፣ የተገባላቸውን ቃል። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ልጅ ሳለ ሲያተኩሰው እናቱ እንዲህ ያለ ጥጥ አንገቱ ላይ ታስርለት እንደነበር አጫወታትና፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ሲጋራ ላጭስ ልወጣ ነው። ስመለስ እንዳላገኝሽ።»

ቁጣዋ የገነፈለው ይኼኔ ነው።

«አይውጡ። ሌባ ነኝ እንዴ? የሰው ዕቃ አልነካሁ። እዚሁ ቆመው ይዩኝ።»

«ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነው፣ አንቺ ሴት!»

«እንግዲያው ይከልክሉኝ።»

ስታማቲስ አልከለከላትም፤ አልወጣምም። ሊገቡ የነበሩትን ቱሪስቶች ክፍሉ ለጊዜው ዝግ ነው ብሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። አሲሚና በድንጋይዋ ዙሪያ የተወጠረውን ገመድ ተሻግራ የልጁን ግንባር፣ የሴቲቱን ጉንጭ ድስት እንደሚፈትግ ሰው ደጋግማ ጠረገች። ጥጡ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ። ደረቅ ነው።

ሽማግሌው ይህን አይቶ አዘነላት። «ምሳዬ ላይ የወይራ ዘይት አለ፣ ጠብ ላድርግልሽ፣ እናትሽ በምን ታውቃለች?» አላት።

«አሽትታ ታውቃለች። ባታውቅስ፣ እኔ ልዋሻት ነው?»

ደረቁን ጥጥ በመሐረብ ጠቅልላ ወጣች። የሙዚየሙ ሰዎች ድንጋይዋን ያደረጓትን አንድም ሳታስቀር ለእናቷ ልትነግራት ነው። ትቆጣ። ነገ ወደ ቀዶ ሕክምናው ፈርታ ከምትገባ ተቆጥታ ብትገባ ይሻላል።